የተደጋገመ የጥበቃ ትእዛዝ አቤቱታ፦ የመዝገቡ ቁጥር የማይናገረው

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ከቤት ውስጥ ጥቃት ጥበቃ የሚጠየቅበት ቅጽ ሲሲ-ዲሲ-ዲቪ-001 የሚል መለያ አለው። አመልካቹ የራሱንና የተጠሪውን ስም ከሞላ በኋላ የጥቃት ዓይነቶች በተርታ ተዘርዝረው ይጠብቁታል፤ በእርግጫ መምታት፣ በቡጢ መምታት፣ ማነቅ፣ በጥፊ መምታት፣ መገፍተር፣ ማስፈራራት፣ ያለፈቃድ ማገት፣ እየተከታተሉ ማዋከብ እያለ ይወርዳል፤ አመልካቹም በሚመለከተው ላይ ምልክት ያደርጋል። ቀጥሎ የደረሰበትን በራሱ ቃል የሚጽፍባቸው ጥቂት መስመሮች አሉ። ቅጹ በአመልካቹና በተጠሪው መካከል ሌላ የፍርድ ቤት ጉዳይ ካለ ወይም ከነበረም ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው ይህን ክፍል ባዶውን ትቶት ያልፋል። ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ጊዜ የመጣ ሰው ግን እዚህ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ይቆማል፤ የሚጽፈው እያንዳንዱ መዝገብ የሚረዳው ይሁን የሚጎዳው እርግጠኛ አይደለም።

ስጋቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የተለያዩ ባልና ሚስት ወይም በአንድ ቤት ይኖሩ የነበሩ ጥንዶች አንዱ በሌላው ላይ፣ አንዳንዴም ሁለቱም በየፊናቸው፣ በተከታታይ የጥበቃ ትእዛዝ (አንዱ ወደ ሌላው እንዳይቀርብ ፍርድ ቤት የሚሰጠውን ትእዛዝ) ለማግኘት ሲያመለክቱ ጉዳዩን ከውጭ የሚያይ ሰው ከሁለት ድምዳሜዎች ወደ አንዱ ይቸኩላል። አንደኛው «ይህን ያህል የተመላለሰችው በእውነት ብትቸገር ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ፍርድ ቤቱን የቂም መወጫ አድርጋዋለች» የሚል ነው። ሁለቱም የሚነሡት ከቁጥሩ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ቁጥሩ በራሱ ለማንም ወገን ማስረጃ አይሆንም፣ ሊመረመር የሚገባው ከዚህ በፊት የተከፈተው እያንዳንዱ መዝገብ በምን ምክንያት እንደተዘጋ ነው የሚል ነው።

ነገሩን በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ማየት የሚመቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በአካባቢው የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ አንድ ይምሰል እንጂ የሚተዳደረው በሦስት የተለያዩ ሕጎች ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በሜሪላንድ፣ አሌክሳንድሪያ በቨርጂኒያ ሥር ናቸው፤ ዲሲም የራሷ ፍርድ ቤት አላት። ሚስት ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤት ቀርታ፣ ባል አሌክሳንድሪያ ከጓደኛው ጋር ተደርቦ፣ ሁለቱም ዲሲ እየሠሩ የሚኖሩበት ሁኔታ ማንንም አያስገርምም። እንደ አመልካቹ መኖሪያ፣ እንደ ሥራ ቦታው ወይም ድርጊቱ እንደተፈጸመበት ስፍራ አንዱ ጉዳይ ከአንድ በላይ ፍርድ ቤት ሊገባ ይችላል። በቨርጂኒያ የድንገተኛ ጊዜ ትእዛዝ ለ72 ሰዓት ያህል፣ የመጨረሻው ትእዛዝ ደግሞ እስከ 2 ዓመት ሊጸና ይችላል። በዲሲ ጊዜያዊው ለ14 ቀን ይሰጣል፤ ዋናው ቀድሞ እስከ 1 ዓመት የነበረ ሲሆን ሕጉ ከተሻሻለ ወዲህ እስከ 2 ዓመት ይደርሳል። በሜሪላንድ ዋናው ትእዛዝ እንደ ደንቡ እስከ 1 ዓመት ነው። ስለዚህ በሦስት ፍርድ ቤቶች የተበተኑ አራት መዝገቦች አራት የተለያዩ ጠቦች ላይሆኑ ይችላሉ፤ አንድ ጠብ ድንበር ተሻግሮ ሊሆን ይችላል።

የሜሪላንዱን ሥርዓት ትንሽ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ መደጋገሙ የሚፈለፈለው ከራሱ ከአሠራሩ ነውና። ፍርድ ቤት በተዘጋበት ሰዓት፣ በሌሊትም ሆነ በእሑድ፣ አመልካቹ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ኮሚሽነር ሄዶ የመሸጋገሪያ ትእዛዝ መጠየቅ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ሲከፈት ዳኛው አመልካቹን ብቻ ሰምቶ፣ ጥቃት መድረሱን ለማመን ምክንያታዊ መነሻ ካገኘ፣ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። ይህ ትእዛዝ ለተጠሪው ከደረሰው በኋላ ለ7 ቀን ያህል ይጸናል፤ በቂ ምክንያት ሲኖር ደግሞ እስከ 6 ወር ሊራዘም ይችላል። ከዚያ ሁለቱም ወገኖች የሚሰሙበት የመጨረሻው ችሎት ይደረጋል። በዚህ ችሎት አመልካቹ ሊያሟላ የሚገባው የማስረዳት ልክ እስከ እ.ኤ.አ. 2014 መገባደጃ ድረስ «ግልጽና አሳማኝ» የሚባለው ከባዱ መስፈርት ነበር፤ ከጥቅምት 1 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በሌሎች የፍትሐ ብሔር ክርክሮች እንደሚሠራበት ወደ ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ዝቅ ብሏል። ለማመልከት ክፍያ የለም። ጠበቃ ማቆምም ግዴታ አይደለም።

በሩ ሰፊ የሆነው ሆን ተብሎ ነው። ሰው በሌሊት ከቤቱ ሸሽቶ ሲመጣ ምስክር ይዞ እንዲመጣ፣ የዳኝነት ገንዘብ እንዲከፍል ወይም ተጠሪው እስኪጠራ እንዲጠብቅ ቢደረግ ትእዛዙ ከጉዳቱ በኋላ ይደርሳል። በሩ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ይህን የሥርዓቱ ጉድለት አድርጎ የሚቆጥር ሰው ማጣሪያው የት እንደተቀመጠ አላስተዋለም፤ ማጣሪያው ያለው በመጨረሻው ችሎት ላይ እንጂ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ሰው እውነተኛ አቤቱታ ይዞ ሳለ ለምን ደጋግሞ ያመለክታል? የመጀመሪያው ምክንያት አሰልቺ ነው፣ ግን ብዙ መዝገብ የሚበላው እሱ ነው፤ መጥሪያ አለመድረስ። ተጠሪው ከቤት ወጥቶ ዛሬ አንዱ ዘመድ ነገ ሌላው ጋር እያደረ፣ ሌሊት ኡበር እየነዳ ቀን የሚተኛ ከሆነ፣ የሸሪፉ ባልደረባ ትእዛዙን ይዞ የቀድሞ አድራሻውን እያንኳኳ ይመለሳል። ትእዛዙ ለተጠሪው ካልደረሰ የመጨረሻው ችሎት ሊካሄድ አይችልም። ቀጠሮው አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ይተላለፋል፤ የሰዓት ደመወዝተኛ የሆነች አመልካች ደግሞ ለሦስተኛው ቀጠሮ ከሥራ መቅረት ሳትችል ትቀራለች። መዝገቡ አመልካች ባለመቅረቧ ይዘጋል። ከወር በኋላ ሰውዬው በር ላይ ሲቆም አዲስ መዝገብ ይከፈታል። በወረቀት ላይ «ሁለት አቤቱታ፣ አንዱ የተዘጋ» ተብሎ ይታያል፤ የመጀመሪያው ግን ፍሬ ነገሩ ከቶ አልተሰማም።

ሁለተኛው ምክንያት ከእኛው ቤት ይወጣል። ትእዛዝ መውጣቱ እንደተሰማ ሽማግሌ ይላካል። የነፍስ አባት ይደውላሉ፣ የአገር ልጆች ይሰበሰባሉ፣ «ለልጆቹ ስትይ»፣ «የፈረንጅ ፍርድ ቤት ቤት አይሠራም» ይባላል። ሽምግልናው ከሚያስቀምጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ «ክሱን አንሺ» የሚለው ነው፤ ጉዳዩ የወንጀል ክስ ሳይሆን የፍትሐ ብሔር አቤቱታ መሆኑን የሚያስረዳ ሰው በመካከል አይገኝም። ለዚህ ግራ መጋባት ሰበብ አለው። አገር ቤት ያደገ ሰው የሚያውቀው ሌላ መንገድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ይቀጣል፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 82 የፍቺ ጥያቄ የቀረበለት ፍርድ ቤት ስለ ልጆች፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረት አስተዳደር፣ እንዲሁም ከጋራ መኖሪያው ማን መውጣት እንዳለበት ወዲያውኑ ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዝዛል። ማለትም በዚያ ልምድ ፍርድ ቤት መሄድ ወይ ማሳሰር ነው ወይ መፋታት። ሳያሳስሩም ሳይፋቱም «እንዳይቀርበኝ» ብቻ ብሎ መጠየቅ የሚባል ነገር ለብዙ ሽማግሌዎች እንግዳ ነው።

አመልካቿ እሺ ብላ አቤቱታዋን ታነሣለች። ዕርቁ ካልጸና፣ ተመልሳ ስታመለክት ተጠሪው የቀደመውን መዝገብ አንሥቶ «ያኔም ከሳኝ ትታዋለች፣ አሁንም እንደዚያው ነው» ይላል። ሽማግሌዎቹ ምስክር ሆነው አይመጡም፤ ቢመጡም የሽምግልና ምስጢር አውጥቶ መናገር ነውር ነው። በዚህም ዕርቅን ለመርዳት የተደረገው ነገር በሁለተኛው ችሎት ላይ የአመልካቿን ተዓማኒነት የሚሸረሽር ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እኔ ሽምግልናን ከሚያጥላሉት ወገን አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ ሽማግሌ ክሱ ይነሣ ብሎ ከመጠየቁ በፊት የሚያስነሣው መዝገብ ከሦስት ወር በኋላ ማን ላይ እንደሚነበብ ሊያስብ ይገባል።

ከዚህ የባሰም አለ። ጊዜያዊ ትእዛዙ ተጠሪው አመልካቿን በማንኛውም መንገድ እንዳያገኝ ከከለከለ፣ ተጠሪው «እባካችሁ አናግሩልኝ» ብሎ የላካቸው ሽማግሌዎች ስልክ ሲደውሉ ራሱ ተጠሪው ትእዛዙን የጣሰ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። በሜሪላንድ እንዲህ ያለው ጥሰት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈጸም እስከ 90 ቀን እስራትና እስከ 1,000 ዶላር፣ ሲደገም እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል። ደግሞም ትእዛዙ የሚያስረው ተጠሪውን ብቻ ነው። «እሷ ራሷ ደውላ ና ብላኛለች»፣ «ታርቀናል» የሚለው መልስ ትእዛዙን አያፈርሰውም፤ የሚያነሣው ወይም የሚያሻሽለው ራሱ ፍርድ ቤቱ ብቻ ነው። ይህን ባለማወቅ በዕርቅ ማግሥት የተያዘ ሰው «አታልላ አስያዘችኝ» ብሎ የራሱን አቤቱታ ይዞ ይመጣል፤ ሌላ መዝገብ ተጨመረ ማለት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ቋንቋ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል፤ ስለ ተደጋጋሚ አቤቱታ ሲነገር ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ይህ ነውና። አማርኛ ተናጋሪ «ደበደበኝ» ሲል ቃሉ ጥፊውንም እርግጫውንም ግፍተራውንም በአንድ ላይ ይይዛል። ቅጹ ግን እያንዳንዱን ለይቶ ይጠይቃል። በመጀመሪያው አቤቱታ ላይ በችኮላ «ደበደበኝ፣ አስፈራራኝ» ተብሎ ብቻ ተጽፎ፣ ቀኑ በውል ሳይጠቀስ ዳኛው ማስረጃው አይበቃም ብሎ አቤቱታውን ውድቅ ያደርገዋል። በሁለተኛው ጊዜ አመልካቿ የሚረዳት ሰው አግኝታ ቀኑን፣ ቦታውንና ድርጊቱን አንድ በአንድ ታስጽፋለች። የተጠሪው ጠበቃ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ «ታሪኩ እያደገ መጣ» ይላል። ያደገው ግን ታሪኩ ሳይሆን አጻጻፉ ሊሆን ይችላል።

ሰዓት ደግሞ አለ። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሆነ ነገር በእነሱ ሁለት ሰዓት ነው። አንዱ አስተርጓሚ እንደወረደ ይተረጉመዋል፣ ሌላው አስቦ ይቀይረዋል፤ በመጀመሪያው አቤቱታ 8፣ በሁለተኛው 2 ተብሎ ሲጻፍ የስድስት ሰዓት ልዩነት እንደ ውሸት ይታያል። ማስፈራሪያም እንዲሁ ነው። «ገደልከኝ እኮ» ማለት በአማርኛ ከሳቅ ጋር የሚሄድ ቃል ሲሆን፣ «ቆይ፣ አሳይሻለሁ» ወይም «አንድ ቀን ታገኚዋለሽ» የሚለው ግን፣ ማን ለማን በምን ድምፅ እንዳለው ለሚያውቅ፣ ደም የሚያቀዘቅዝ ነው። በቀጥታ ሲተረጎሙ የመጀመሪያው ከባድ፣ ሁለተኛው ባዶ ይመስላል። የሜሪላንድ የመጨረሻው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ የአመልካች ፍርሃት ምክንያታዊነት መታየት ያለበት አመልካቹ ከኖረበት ሁኔታ አንጻር እንደሆነ አስረድቷል፤ ጥቃት የደረሰበት ሰው ሌላው የማይገነዘበውን ምልክት ወይም የተደበቀ ቃል እንደ ዛቻ ሊረዳው እንደሚችልም ጠቅሷል። በዚህ አመለካከት የቀደሙት መዝገቦች አሰልቺ ድግግሞሽ መሆናቸው ቀርቶ የዛሬዋ አጭር ቃል የምትፈታባቸው መዝገበ ቃላት ይሆናሉ። እርግጥ ነው፣ ዳኛው ካነበባቸው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለደጋጋሚው አመልካች የሚያደላ ይመስላል። ሌላው ገጽ ግን እውነት ነው፤ በየማኅበሩ የሚታወቅም ነው። የጥበቃ ትእዛዝ ተጠሪውን ከማራቅ አልፎ ብዙ ነገር ይዞ ይመጣል። ዳኛው ተጠሪው ከቤት እንዲወጣ፣ ልጆቹ ለጊዜው በአመልካቹ እጅ እንዲቆዩ፣ መኪናው ለማን እንደሚሆን፣ ለኑሮ የሚሆን ገንዘብ እንዲከፈል ሊያዝዝ ይችላል። የፌዴራሉ ሕግ መስፈርቱን የሚያሟላ የጥበቃ ትእዛዝ የወጣበት ሰው የጦር መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ይህን ክልከላ በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. በ8 ለ1 ድምፅ አጽንቶታል። በታጣቂ ጥበቃነት ለሚሠራ ሰው ይህ እንጀራው ነው። በፍቺ ሙግት መካከል ያለ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ያለ ክፍያ፣ ቤቱንም ልጆቹንም ለጊዜው ማግኘት የሚያስችል መንገድ እንዳለ ሲሰማ መፈተኑ አይቀርም።

ለመኖሪያ ፈቃድ ባለቤቶች ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ትእዛዙ መውጣቱ ብቻውን ከአገር አያስባርርም። በፍርድ ቤት የተረጋገጠ ጥሰት ግን፣ ከዛቻ፣ ከተደጋጋሚ ትንኮሳ ወይም ከአካል ጉዳት የሚጠብቀውን የትእዛዙን ክፍል የሚነካ ከሆነ፣ በኢሚግሬሽን ሕጉ ራሱን የቻለ የመባረሪያ ምክንያት ነው፤ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድም በ2011 እ.ኤ.አ. «እንዳትገናኝ» የሚለውን አንቀጽ መጣስ በዚህ ሥር ሊወድቅ እንደሚችል ወስኗል። «እስቲ ደውዬ ልጆቼን ልጠይቅ» የሚለው ስልክ እዚያ ድረስ ሊወስድ ይችላል ማለት ነው። ይህ ቅጣት የትእዛዙን ጉልበት በሁለቱም በኩል ያሳድገዋል፤ የሚያጠቃውን ሰው በእርግጥ ያስፈራል፣ በክፉ እጅ ከገባም መያዣ ይሆናል።

ትእዛዙን ለማጥቂያ ማዋል በአብዛኛው የሚመጣው በአጸፋ መልክ ነው። አንዷ ስታመለክት ሌላው በማግሥቱ፣ አንዳንዴም በሌላኛው ግዛት፣ የራሱን ያቀርባል። በችሎቱ ላይ ሁለት አመልካች፣ ሁለት ተጠሪ ይሆናሉ። ሰዓት ያጠረው ዳኛ «ለሁለታችሁም ልስጥና ተለያዩ» ለማለት ይፈተናል፤ ሰላማዊ መፍትሔ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ለሁለቱም የተሰጠ ትእዛዝ ቀጥሎ የሚጠራውን ፖሊስ ማንን እንደሚይዝ ግራ ያጋባዋል፣ ራሷን የተከላከለችውንም ከአጥቂው እኩል ያደርጋታል። ስለዚህ የሜሪላንድ ሕግ የሁለትዮሽ ትእዛዝ እንዲሰጥ ሁለቱም ያመለከቱ መሆን እንዳለባቸው፣ በመጨረሻው ችሎት ላይም ሁለቱም በዋነኛነት አጥቂ እንደነበሩና የትኛውም ራሱን ሲከላከል እንዳልነበረ ዳኛው ለይቶ ማረጋገጥ እንዳለበት ይደነግጋል። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው በሴቶች ላይ የሚፈጸምን ጥቃት የሚመለከተው የፌዴራል ሕግም አንዱ ግዛት የሌላውን ግዛት ትእዛዝ እንዲያስፈጽም ሲያስገድድ፣ ሌላኛው ወገን የራሱን አቤቱታ ሳያቀርብ ወይም ዳኛው ለይቶ የሰጠው ግኝት (በማስረጃ የተረጋገጠ ድምዳሜ) ሳይኖር በአቤቱታ አቅራቢው በራሱ ላይ የተሰጠን ትእዛዝ ከዚህ ያስወጣዋል። በዲሲና በቨርጂኒያ መካከል በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ታዲያ በቀል የወለደው አቤቱታ በምን ይለያል? ማኅተም የለውም፤ ይሁን እንጂ መዝገቡን በጊዜ ቅደም ተከተል ዘርግቶ ላየው የሚናገር ነገር አለው። አቤቱታዎቹ በልጅ አሳዳጊነት ቀጠሮ ዋዜማ እየተደረደሩ የሚመጡ ከሆነ፣ የሚጠየቀው ነገር ከመራቅ ይልቅ ቤቱንና ልጆቹን ማግኘት ከሆነ፣ ያው ክስተት በአንዱ ፍርድ ቤት ተሰምቶ ውድቅ ከሆነ በኋላ ቃሉ እንኳ ሳይለወጥ በሌላው የሚቀርብ ከሆነ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ፈራሁት» የሚለው ሰው ራሱ በተጠሪው ሥራ ቦታና በር ላይ የሚገኝ ከሆነ፣ ዳኛው ቆም ማለት አለበት። በእኔ አመለካከት ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። ፍርሃት ሰውን ያርቃል፤ ደጋግሞ ወደ ተጠሪው የሚጠጋ አመልካች ማስረዳት ያለበት ነገር አለ፤ ምንም እንኳ ልጅ፣ ገንዘብ ወይም የተስፋ ቃል የጎተተው ሊሆን ቢችልም። ተደጋጋሚ ዕርቅና ተደጋጋሚ ሽሽት ከጥቃት ጋር አብረው የሚሄዱ ነገሮች በመሆናቸው ይህም ምልክት ብቻውን አይፈርድም።

ሕግ አውጪዎች ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቴነሲ በ2018 እ.ኤ.አ.፣ ዋሽንግተን ግዛት ደግሞ ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ፣ የቀድሞ ፍቅረኛን ወይም የትዳር ጓደኛን ለማዋከብ የሚካሄድ ሙግትን ለይተው ይቆጣጠራሉ። በሲያትልና በዙሪያዋ ብዙ ወገን ስለሚኖር የዋሽንግተኑን ማወቅ ይጠቅማል። ሙግቱን ያነሣው ሰው ከዚህ ቀደም በሌላኛው ወገን ላይ የቤት ውስጥ ጥቃት መፈጸሙ በፍርድ ቤት የተረጋገጠ ከሆነ፣ የሙግቱም ዋና ዓላማ ማዋከብ፣ ማስፈራራት ወይም ግንኙነት እንዳይቋረጥ ማድረግ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ከ48 እስከ 72 ወር ለሚደርስ ጊዜ ያለ ዳኛ ፈቃድ አዲስ ጉዳይ እንዳይከፍት ሊያግደው ይችላል። ያው ነገር ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ በሁለቱ መካከል ተሟግቶበት ከሆነ፣ ዓላማው ማዋከብ እንደሆነ ይገመታል፤ ግምቱን ማፍረስ የባለጉዳዩ ፈንታ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የዚያው ግዛት የተጠቃለለ የጥበቃ ትእዛዝ ሕግ ደግሞ ዳኛው ያመለከተው ሰው ራሱ አጥቂ ሆኖ ሲያገኘው አመልካቹንና ተጠሪውን ቦታ እንዲያቀያይር ይፈቅዳል። ይህኛው ከሁሉ የበለጠ ብልህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ቀድሞ መዝገብ ቤት የደረሰ ሰው በመቅደሙ ብቻ የሚያገኘውን ብልጫ ያነሣበታልና።

እስራኤል ሌላ መንገድ ሄዳለች። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው በቤተሰብ ውስጥ ጥቃትን የሚከላከለው ሕግ፣ አቤቱታው ለማንገላታት ብቻ የቀረበ መሆኑን ፍርድ ቤቱ ካመነ፣ በአመልካቹ ላይ ወጪና ለተጎዳው ወገን ካሳ ሊጥል እንደሚችል ይደነግጋል። ከኢትዮጵያ ለሄደው የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብም ሕጉ ያው ነው። በመርሕ ደረጃ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሥጋቴ ግን ገንዘብ የሚያስፈራው ማንን ነው የሚለው ላይ ነው። ዕብራይስጡን በቅጡ ያልያዘች፣ ደመወዟ ለቤት ኪራይ ብቻ የሚበቃ ሴት «ካላስረዳሽ ትከፍያለሽ» የሚል ወሬ ከሰማች እውነቱን ይዛም ትቀራለች፤ ገንዘብ ያለውና ጠበቃ ያቆመ ተበቃይ ግን ወጪውን እንደ ማንኛውም ሒሳብ ይቆጥረዋል። የዋሽንግተኑም ቢሆን ጉድለት አለበት። የሚጠብቀው ቀድሞ የጥቃት ግኝት ያገኘን ሰው ነው። በሜሪላንድ ደግሞ ተጠሪዎች ጥቃት ፈጽሜያለሁ ሳይሉ ትእዛዙ እንዲወጣ መስማማት ይችላሉ። ፈጣንና ሰላማዊ ነው፣ ነገር ግን መዝገቡ ስለሆነው ነገር አንዳች ግኝት ሳይዝ ይዘጋል። እንዲህ ያለ ስምምነት ይዞ የዋሽንግተኑን ዓይነት ጥበቃ መጠየቅ የሚከብድ ይሆናል፤ ለሚስማማው ሰው ጠበቃው፣ ለምትስማማውም የሚረዳት ሰው፣ ይህን አስቀድመው ሊነግሯቸው ይገባል።

በስሙ ላይ መሠረተ ቢስ አቤቱታ የቀረበበት ሰው የሚያነሣው ቅሬታም መሠረት አለው። አቤቱታው ውድቅ ቢሆንም መዝገቡ በሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች የኢንተርኔት ማፈላለጊያ ላይ ስሙን ይዞ ይቀመጣል፤ ቤት አከራይ ያየዋል፣ ቀጣሪ ያየዋል። ውድቅ የተደረገ ወይም የተዘጋ መዝገብ ከሕዝብ ዕይታ እንዲሸፈን ተጠሪው ማመልከት ይችላል፤ በመደበኛው አካሄድ 3 ዓመት መቆየት፣ ወይም ከጉዳዩ ጋር በተያያዘ የሚነሣ የካሳ መብቱን ትቶ መፈረም ይጠበቅበታል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ሳያውቅም ስሙን ለማጥራት ብሎ የአጸፋ አቤቱታ ያስገባል። ያ ደግሞ ስሙን ለሁለተኛ ጊዜ ያስመዘግበዋል እንጂ አያጠራውም።

ከሁሉም በላይ ግን መዝገብ የሚወልደው የልጅ ርክክብ ነው። ጥንዶቹ ተለያይተዋል፣ ትእዛዙም ወጥቷል፣ ልጆቹ ግን አርብ ማታ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ አለባቸው። ርክክቡ በቤቱ በር ላይ ከሆነ ለሃያ ደቂቃ መዘግየት፣ ላልታጠበ ልብስ፣ አዲስ ሰው መኪና ውስጥ ስለመታየቱ ሲባል ሁልጊዜ የሚለኮስ ነገር አይጠፋም፤ ሰኞ ጠዋትም ሁለቱም መዝገብ ቤት ይገኛሉ። እነዚህን አቤቱታዎች አንድ በአንድ ማየት ዳኛውን ያደክማል እንጂ ምንጩን አያደርቀውም። መፍትሔው በአሳዳጊነት መዝገቡ ውስጥ ነው፤ ርክክቡ በፖሊስ ጣቢያ መኪና ማቆሚያ ወይም በትምህርት ቤት በኩል እንዲሆን፣ ሰዓቱ «ማታ» ተብሎ ሳይሆን በቁጥር እንዲጻፍ፣ ስለ ልጆቹ የሚደረገው ግንኙነት ለዚሁ በተዘጋጀ፣ መልእክቱን በማያጠፋ መተግበሪያ ብቻ እንዲሆን፣ የጥበቃ ትእዛዙም ይህን ልዩ ሁኔታ በግልጽ እንዲያስቀምጥ መጠየቅ ይቻላል። ርክክቡ ላይ ሦስተኛ ሰው ካስፈለገ፣ ያን ጊዜ «እሷን አናግሩልኝ» ተብለው ሲላኩ የነበሩት ሽማግሌዎች፣ ፍርድ ቤቱ በስም ፈቅዶላቸው፣ ልጆቹን ከአንዱ መኪና አውርደው ወደ ሌላው ሊያሸጋግሩ ይችላሉ።